ያልተያያዘው ክፍልፋይ

የጡረታ ደብዳቤዬ ደርሶኝ ንብረት በማስረክብበት ዕለት፣ ከመሳቢያዬ ግርጌ አንድ የታጠፈ የሒሳብ ደብተር ወረቀት ወጣ። በወረቀቱ ላይ በማስመሪያና በእርሳስ የተሠራ ረጅም ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ በአምስት ተከፍሏል። ተረካቢዬ ዝርዝሯን ገልብጣ አየችና፣

«ይኼ በንብረት መዝገቡ ላይ የለም። ይጣል ወይ?» አለችኝ።

«የእኔ ነው» ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

የእኔ ነው ያልኩት ከልቤ ነው። በሥራ ዘመኔ ካወጣኋቸው የኮምፒውተር ዲስክ ዕቅዶች ሁሉ በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን ያልነበረበት እርሱ ነው። አንዲት ሴት ከአባቷ መሬት የጎደለባትም በእርሱ ላይ ስሠራ ነው።

ይህን ስጽፍ ሁለት ምስክሮች አሉኝ፤ አንደኛው ትዝታዬ ነው፣ ሁለተኛው በየዓመቱ ስይዛቸው የነበሩ የሥራ ማስታወሻ ደብተሮች ናቸው። ሁልጊዜ አይስማሙም። ባልተስማሙበት ቦታ የሁለቱንም ቃል አስቀምጣለሁ፤ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ነው። እንደ ዛሬው በየጠረጴዛው ኮምፒውተር አልነበረም፤ ጫማችንን አውልቀን፣ ነጭ ካፖርት ደርበን የምንገባበት አንድ ቀዝቃዛ ክፍል ነበር። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ይማም ይባሉ ነበር። እንደ እኔ የአምባሰል ሰው ናቸው። እርሳቸው ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ሙያውን ከማኑዋል ላይ በራሳቸው የተማሩ ሲሆኑ፣ እኔ በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ኋላም ከውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ይዣለሁ። በዚህ ልዩነት ለብዙ ዓመታት በልቤ እኮራ እንደነበር መሸሸግ አልፈልግም።

ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ወደ ክፍላችን የገባው ዘግይቶ ነው። ተዘጋጅቶ የመጣውን ከመጫን ይልቅ ፕሮግራሙ የተጻፈበትን የምንጭ ኮድ አምጥቶ፣ እያንዳንዱን ፕሮግራም በየተራ ማሽኑ ወደሚያነበው ቋንቋ አጠናቅሮ፣ ሙሉውን ሥርዓት ከመሠረቱ መገንባት የሚቻል መሆኑን ያሳዩን አቶ ይማም ናቸው። ማጠናቀር ሰዓታት ይወስዳል። ጽሑፉ በስክሪኑ ላይ እየተንጠባጠበ ሲወርድ እርሳቸው ወንበራቸውን ወደኋላ ገፍተው በአምባሰል ቅኝት ያንጎራጉራሉ። ዜማው መሐል ላይ ቁርጥ ካለ ስሕተት ተገኝቷል ማለት ነው፤ ማንም ሳይጠራን ተሰብስበን ከኋላቸው እንቆም ነበር።

ዲስክ ስለመክፈል የተማርኩት ከውርደት ነው። አንድ ማለዳ ዋናው ማሽን አልነሣ አለ። ማሽኑ የዕለት ውሎውን የሚመዘግብበት አንድ ፋይል ሲያብጥ ሰንብቶ ዲስኩን ጥግ እስከ ጥግ ሞልቶት ኖሯል። ያንን ዲስክ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ፤ ወደ ክፍልፋዮች ሳልለየው፣ ወይም በሙያው አነጋገር ፓርቲሽን ሳላወጣለት፣ ሁሉንም ነገር በአንድ ላይ አስቀምጬው ነበር። በፋይሉ ላይ ስማረር አቶ ይማም ሰምተው፣

«የአገሬ ልጅ፣ በረቱንና እልፍኙን በአንድ በር ሠራኸው እኮ። አሁን ጥጃው እልፍኝ ገባ ብለህ ልትቆጣ ነው?» አሉኝ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ ከመሳቢያቸው ባለካሬ ወረቀት አውጥተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

አሠራራቸውን ዛሬም በዓይኔ አያለሁ። ዲስኩን እንደ ረጅም ሣጥን ይሥላሉ፤ አንዱ ካሬ ለተወሰነ መጠን ይቆማል። እስክሪብቶ አይነኩም፣ በእርሳስ ብቻ። ለእያንዳንዱ ክፍልፋይ ካሬ ከመቁጠራቸው በፊት «ይኼ ቢሞላ ማን ይጎዳል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ድንበሩን የሚያሠምሩት በመልሱ ላይ ተመርኩዘው ነው። የሣጥኑን መጨረሻ ሁልጊዜ ባዶ ይተዋሉ። ለምን ስንላቸው፣ «ያላሰባችሁት ነገር የት ይቀመጥ?» ይሉናል። ወረቀቱን አንድ ቀን ያሳድሩታል። በማግስቱ ትእዛዙን ሲጽፉ ማረጋገጫውን ከመጫናቸው በፊት የክፍልፋዩን ስምና መጠን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ አጠገባቸው ያለው ሰው ደግሞ ስክሪኑን አይቶ ቃል በቃል መድገም አለበት። የጽዳት ሠራተኛዋን ጠርተው ሲያስደግሙ አይቻለሁ።

ከሁሉ አቃልዬ ያየሁት ልማዳቸው ግን ሌላ ነበር፤ ይህን ለማስረዳት ስለ ማያያዝ ጥቂት ማለት አለብኝ። በሊኑክስ አንድ ክፍልፋይ በዲስኩ ላይ ስላለ ብቻ አይታይም፤ ፎልደር ከሚባለው ከአንድ ማህደር ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። ማህደሩን እንደ በር ቍጠሩት። ክፍልፋዩ ሲያያዝ በሩ ወደዚያ ያስገባል። ሳይያያዝ ቢቀርም በሩ አይዘጋም፤ ማሽኑ ራሱ በቆመበት ክፍልፋይ ውስጥ ወዳለ አንድ ባዶ ጓዳ ያስገባል። ያስቀመጡት ዕቃ ይቀመጣል፤ የተቀመጠው ግን ሌላ ቤት ነው። ማሽኑ አይከለክልም፣ አያስጠነቅቅምም።

አቶ ይማም ለዚህ ያበጁት ዘዴ የልጆች ጨዋታ ይመስል ነበር። ክፍልፋዩን ከማያያዛቸው በፊት ባዶው ጓዳ ውስጥ አንዲት ፋይል ይፈጥራሉ፤ ስሟ «ተመለስ» ነው። ካያያዙ በኋላ እውነተኛው ክፍልፋይ ውስጥ ሌላ ፋይል ይፈጥራሉ፤ ስሟ «እዚህ ነህ» ነው። በሁለቱም ውስጥ ምንም አልተጻፈም። ጠዋት ማሽኑ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት «እዚህ ነህ»ን ነው።

«ሥርዓቱን በአንድ ትእዛዝ ጠይቆ ማወቅ ሲቻል ይህ ምልክት ምን ያደርጋል?» አልኳቸው።

«አንተማ ትጠይቃለህ፣ የተማርክ ነህ። እኔን ያሳሰበኝ መጠየቅ የማያውቀው ሰው ነው» አሉኝ።

ወይም እንዲህ ያሉ ይመስለኛል። ይህን ንግግር ደብተሬ ላይ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ከጥፋቱ በኋላ እኔው አብጅቼ በአፋቸው አኑሬው ሊሆን ይችላል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ተዛውሬ በአንድ ኮሌጅ ብዙ ዓመት አስተማርኩ። የዚያን ጊዜ አለቃዬ ክፍልፋይ የሚባል ነገር ተማሪ ያደናግራል ባይ ስለነበሩ፣ የአቶ ይማምን ወረቀት በጓሮ በኩል ነበር የማስተምረው። ስለ ደረጃ ዕድገትና ስለ ደመወዝ የምለው የለኝም፤ እንደ ሰው ሆነልኝ። አቶ ይማም በዚህ መሐል ጡረታ ወጥተው አምባሰል ገቡ፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ወደ ሐይቅ ከተማ ስመደብ በሕይወት አልነበሩም።

ወደ ሐይቅ የመጣሁት ለውጥ መጣ በተባለበት ወቅት፣ መሥሪያ ቤቶች አዲስ መዋቅር እየሠሩ ሠራተኛ ሲያደለድሉ ነው። የተመደብኩበት ጽሕፈት ቤት የገበሬዎችን ይዞታ ይመዘግብ ነበር። በአካባቢው ድንበር ሲያከራክር ቦታውን የሚያውቅ ሽማግሌ ይጠራል፤ ጫማውን አውልቆ፣ በድንበሩ ላይ እየተራመደ፣ እያንዳንዱን አዋሳኝ በቃሉ ይናገራል። ጫማ ማውለቁ እንደ መሐላ ይቆጠራል። ጽሕፈት ቤቱ ይህንን ቃል በድምፅ ቀድቶ ከወረቀቱ መዝገብ ጋር ማኖር ጀምሮ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር። ኮምፒውተሮቹ ግን አርጅተዋል፤ በፍላሽ የሚመጣው ቫይረስም ፋይሎቹን ይበላቸዋል።

እኔም ለዚያ ሥራ ብቻ የሚሆን፣ ትርፍ ነገር የሌለበት ትንሽ ሥርዓት ከምንጭ ኮድ ለመገንባት ወሰንኩ። ኢንተርኔቱ ደካማ ስለነበር ኮዱን ከአዲስ አበባ በዲስክ አስመጣሁ። ወረቀቱን ዘርግቼ ሣጥኑን በአምስት ከፈልኩ። የመጀመሪያው ነባሩ ሥርዓት የሚኖርበት ነው፤ አዲሱን የምንገነባው በእርሱ ላይ ቆመን ነው፤ ግንባታው ሲያልቅ ይጠፋል። ሁለተኛው አዲሱ ሥርዓት የሚሠራበት፣ ሦስተኛው ሜሞሪው ሲጨናነቅ ማሽኑ የሚተነፍስበት ጠባብ ክፍል፣ አራተኛውና ሰፊው የምስክርነቱ መዝገብ፣ አምስተኛው ባዶ። አንድ ነገር ብቻ ከመምህሬ ልማድ ወጣሁ። እርሳቸው ነባሩን ሥርዓት አጥብበው ነበር የሚሠሩት፤ ኋላ የሚፈርስ ጎጆ ለምን ይሰፋል ይሉ ነበር። እኔ እንዳልቸገር አሰፋሁት። ጠባብ ቢሆን ኖሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞልቶ ይጮኽ ነበር፤ ሁሉም ነገር ያን ጊዜ ይታወቅ ነበር።

የድምፁን ሥራ የያዘችው ወይዘሮ ጥሩዬ ነበረች፤ አባቷ ሐይቁ ላይ ዓሣ አጥማጅ የነበሩ የከተማዋ ተወላጅ ናት። «ዶክተር» ትለኛለች። ዶክተር አይደለሁም ስላት፣ «ታዲያ ይኼን ሁሉ መነጽር ምን ያደርጉበታል?» ትላለች። ግንባታው ሲካሄድ የእርሷ ሥራ እንዳይቆም፣ በነባሩ ሥርዓት ላይ ሆና «መዝገብ» በሚባል ማህደር በኩል በአራተኛው ክፍልፋይ ላይ እንድታስቀምጥ አደረግሁ። ክፍልፋዩን በእጄ አያያዝኩት። ሦስት የሙከራ ድምፆች አስቀመጥን፤ ሠራ። ማሽኑ በተነሣ ቍጥር በራሱ እንዲያያዝ የሚያዝዝ አንድ መስመር መጻፍ ይቀረኝ ነበር። ለነገ አልኩት። «እዚህ ነህ» የምትለዋን ፋይልም አልፈጠርኩም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ማሽኑን አስነሥቼ የተቋረጠብኝን ማጠናቀር ካቆመበት ለማስቀጠል ተጣደፍኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን የምጽፈው ከጥሩዬ ሰምቼ ነው።

«ዶክተር፣ ያ የሞከርነው ድምፅ የለም እኮ። ማህደሩ ጭር ብሏል» አለችኝ።

«ሙከራ ስለሆነ አጥፍቼው ይሆናል። አንቺ ቀጥይ» አልኳት።

በእኔ ትዝታ ውስጥ ይህ ንግግር የለም። የዚያ ቀን ደብተሬ «መብራት ጠፋ። ማጠናቀሩ እንደገና ተጀመረ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም። ጥሩዬን ግን አምናታለሁ፤ ዋሽታ አታውቅም፤ መልሱም የእኔ መልስ ይመስላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰባት ሳምንት የገባው ድምፅ በሙሉ በባዶው ጓዳ ውስጥ፣ ሊፈርስ በተቀጠረው ቤት ውስጥ ተቀመጠ።

በእነዚያ ሳምንታት መሐል አንድ ቀን የመቅረጫውን ጥራት ለማየት ከጥሩዬ ጋር ወደ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ወጣሁ። ባለጉዳይዋ ዘይነባ ትባላለች። ስምንት ዓመት ዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። አባቷ ሲሞቱ የተውላትን መሬት፣ እርሷ በሌለችበት ሲያርስ የኖረው በምዕራብ የሚያዋስናት የአጎቷ ልጅ ሰይድ ነው፤ ድንበሩ እስከየት እንደሆነ አልተስማሙም። ምስክሩ ሼህ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ያንን መሬት ከአባቷ ጋር አብረው የመነጠሩ፣ ከዚያ ትውልድ የቀሩ ብቸኛ ሰው ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው ዘይነባን ቁልቁል አዩዋት።

«አንቺ ልጅ፣ የዓረብ አገሩን ጫማ አታወልቂም? በጭቃ ነው የምንሄድ።»

«የሚመሰክሩት እርስዎ፣ ጫማ የማወልቅ እኔ? ኧረ በነቢ!»

«መሬቱ ይወቅሽ ብዬ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ እግርሽን አላየም።»

ዘይነባ እየሳቀች አወለቀች። ሰይድም ከበስተኋላ፣ «እኔን ያውቀኛል፣ በየዓመቱ ነው የማርሰው» አለ፤ እርሱም ግን አወለቀ። ሼሁ ቢስሚላህ ብለው ተነሡ፤ ጥሩዬ መቅረጫውን ይዛ ተከተለቻቸው። ነፋስ ስለነበር እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ፤ ቃላቸውን ከሩቅ በደንብ አልሰማሁም። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብተን የነፋሱን ጫጫታ ለማጣራት ቅጂውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ጆሮዬ የተከተለው ነፋሱን ነበር።

ግንባታው አለቀ። አዲሱ ሥርዓት በገዛ ክፍልፋዩ ላይ ተነሣ፤ ያ አሮጌ ማሽን ሲፈጥን ያዩ ባልደረቦች አጨበጨቡልኝ። ዕቅዱ ነባሩ ክፍልፋይ ተጠርጎ ለመጠባበቂያ ቅጂ ይዋል ይላል። የመምህሬን ሥርዓት አክብሬ ጥሩዬን ጠራሁ። ስሙንና መጠኑን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ እርሷም ደገመች። ትክክል ነበርን፤ መጥፋት የነበረበት እርሱ ነው። ፎርማት አደረግሁት። የመዝገቡን ክፍልፋይ ከአዲሱ ሥርዓት ጋር አያያዝኩ፤ በዚህ ጊዜ መስመሩንም ጻፍኩ። ጥሩዬ ማህደሩን ከፈተች።

«ሦስት ብቻ ነው ያለ» አለች።

«ምን ሦስት?»

«የሙከራዎቹ። ጠፉ ያልናቸው እነሱ አሉ። ሌላው የለም።»

ገመዱን ከግድግዳው ነቅዬ ማሽኑን አጠፋሁ። ትክክለኛ እርምጃ ነበር፤ ፎርማት የሚያጠፋው በአብዛኛው ማውጫውን ስለሆነ፣ በላዩ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ ከሥር ያለውን ፈልጎ ማውጣት ይቻላል። ያን ሰዓት ግን ይህን አስቤ ያደረግሁት አይመስለኝም። እንዳላየው ብዬ ያጠፋሁት ይመስለኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሩዬ ዶክተር ብላኝ አታውቅም፤ «ጋሼ» ትለኛለች።

ዲስኩን ፈትቼ አወጣሁ። ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ሙሉ ግልባጩ የሚቀመጥበት ሌላ ዲስክ ያስፈልግ ነበር፤ ሐይቅ ላይ አልተገኘም። ከደሴ እናምጣ ስንል በሰሜን የተነሣው ጦርነት እኛ ዘንድ ደረሰ። ከሰሜን በኩል የመድፍ ድምፅ መሰማት በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተማው ለስደት ተነሣ። እኔና ጥሩዬ ከቤተሰቦቿ ጋር ወደ ደቡብ ስንሸሽ ዲስኩን በፎጣ ጠቅልዬ በደረቴ ይዤው ነበር። አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ጥቅሉን ዳስሶ ምንድን ነው አለ። እኔ ስንተባተብ ጥሩዬ ቀደመችኝ።

«የሽማግሌዎች ቃል ነው፣ ወንድሜ። ታሞ ነው፤ ልናሳክመው ይዘነው እየሄድን ነው።»

ሰውየው ሳቀና አሳለፈን። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

በወራት ልዩነት ስንመለስ የጽሕፈት ቤቱ ወረቀቶች አልነበሩም። ከፊሉ ተቃጥሏል፣ ከፊሉ ተበትኗል። ማን እንዳደረገው አልጠየቅሁም፤ የጠየቅሁት ስለ ሰዎቹ ነው። ከመሰከሩት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ በሕይወት ነበሩ፤ ዳግም ጫማቸውን አውልቀው ሊሄዱልን ይችላሉ። ሼህ ይመር ግን በዚያ ወቅት ታመው፣ መድኃኒት ሳያገኙ አርፈዋል።

ዘይነባን ለመንገር ራሴ ሄድኩ። በደጇ ቆሜ፣ ወረቀቱ እንደተቃጠለ፣ ድምፁ ደግሞ ከጦርነቱ በፊት በእኔ እጅ እንደጠፋ ነገርኳት። ጦርነቱን ማሳበብ ቀላል ነበር፤ ማንም አይመረምረኝም። አላሳበብኩም። ይህን ለራሴ ምስጋና ብዬ አልጽፈውም፤ ከዚያ ዘመን ስለ ራሴ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ይህ ስለሆነ ነው። እርሷም፣

«ወላሂ፣ ጋሼ፣ እኔ አልረሳሁትም። በምዕራብ በኩል እስከ ሾላው ግንድ ነበር ያሉት። እርስዎም ሰምተዋል» አለችኝ።

በደሴ ሌላ ዲስክ ተገኘ። ግልባጩን ወሰድኩና ፍለጋውን ጀመርኩ። በእንዲህ ያለ ፍለጋ የፋይል ስም አይገኝም፤ ስም የሌላቸው የድምፅ ቍርጥራጮች ናቸው የሚወጡት፤ እያንዳንዱን ሰምቶ የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ጥሩዬ እየሰማች ትጽፍ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ደብተሬ በአራተኛው ይላል፣ «አንቺ ልጅ፣ የዓረብ አገሩን ጫማ አታወልቂም?» የሚል ድምፅ ወጣ። ጥሩዬ ማዳመጫውን አውልቃ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

የሼህ ይመር ቃል ከአንድ ቦታ በቀር ሙሉውን ተገኘ። ሰሜኑ፣ ምሥራቁ፣ ደቡቡ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዚያ «በምዕራብ ደግሞ…» ይሉና ይቆረጣል። በዚያች የዲስክ ቦታ ላይ ፎርማቱ የራሱን ምልክት ጽፎባታል። ከሥሩ ምንም አልቀረም።

ሽማግሌዎቹ አርዲቦ ዳር፣ መሬቱ ራስጌ ባለ ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው ቄስ መርሻ የሚባሉ የአካባቢው ሰው ነበሩ፤ ከግራና ከቀኛቸው ሁለት ሼሆች ተቀምጠዋል። ሰይድ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ፣

«የመንግሥት ማሽን መሬት ሲውጥ ገና ዛሬ ሰማሁ» አለ። ሰዎች ሳቁ።

ጥሩዬ ድምፁን ከፈተች። ሳቁ ቆመ። የሞቱት ሰው ስለ ጫማና ስለ ጭቃ ሲቀልዱ፣ ቢስሚላህ ብለው ሲነሡ፣ ሲያስሉ ተሰማ። ሰይድ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እሳቸው ናቸው። ድምጣቸው ነው። ሦስቱን ወገን ተቀብያለሁ» አለ።

አራተኛው ቀረ። ዘይነባ እስከ ሾላው ግንድ ትላለች፤ ሰይድ ከዚያ ወዲህ ያለው ቦይ ነው ድንበሩ ይላል። ቄስ መርሻ ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ቃሉ ሳይጠፋ በፊት ሙሉውን ሰምተውታል ተብለናል። በምዕራብ በኩል ምን አሉ? ይማሉና ይንገሩን፤ በእርስዎ ቃል እንጨርሰዋለን።»

ዘይነባ ዐይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። በጆሮዬ ውስጥ የሼህ ይመር ድምፅ «እስከ ሾላው ግንድ» ሲል ይሰማኝ ነበር፤ ነፋሱ ሳይቀር አብሮ ይሰማኝ ነበር። ግን ይህንኑ ቃል ዘይነባ በደጇ ነግራኛለች። ከዚያ በፊት በራሴ አስታውሼው አውቃለሁን? ወደኋላ ሄጄ ፈለግሁ፤ በዚያ ቀን ደብተሬ ላይ የጻፍኩት «ነፋስ አለ፣ ቅጂው ይሰማል» የሚል ብቻ ነው። ባዶ በነበረ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ያስቀመጠውን የራሴ ብዬ እያነበብኩ ቢሆንስ?

«ሾላ የሚል ቃል በጆሮዬ አለ» አልኩ። «ከሼህ ይመር አፍ የሰማሁት ይሁን ከዘይነባ አፍ መለየት አልችልም። ስለዚህ አልምልም።»

 ከዚያ ዘይነባ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣

«ጋሼ፣ እኔ በሰው አገር ወለል ስወለውል ስምንት ዓመት ሙሉ ያችን ሾላ በዓይኔ እያየሁ ነው የኖርኩ። ከእርስዎ በአንድ ክረምት ጠፋችብዎት?» አለችኝ።

«አፉ በይኝ» ብዬ ይቅርታ ለመንኳት። 

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። በቦይውና በሾላው ግንድ መሐል ያለው መሬት፣ ሌላ ምስክር እስኪገኝ ድረስ፣ በማንም እንዳይታረስ ወሰኑ። ሌላ ምስክር እንደማይገኝ እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቅ ነበር።

በርክክቡ ዕለት ተረካቢዬን ማሽኑ ፊት አስቀምጬ ከጥፋቱ በኋላ የፈጠርኳቸውን «ተመለስ» እና «እዚህ ነህ» የሚሉ ሁለት ፋይሎች አሳየኋት። ከፍታ ባዶ መሆናቸውን ስታይ ፈገግ አለች፤ እኔም አቶ ይማም ፊት ፈገግ ያልኩት እንዲሁ ነበር። ለምን እንደተፈጠሩ ይህን ታሪክ ነገርኳት። ፈገግታዋን ትታ ስማቸውን ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ከጡረታ በኋላ ሁለት ጊዜ ወደዚያ መሬት ሄጃለሁ። በወዲህ የዘይነባ ጤፍ፣ በወዲያ የሰይድ ማሽላ ቆሟል፤ በመሐል ሣር ነው። አቶ ይማም ባዶ የሚተዉት ለሚመጣ ነገር ነበር፤ ይህ ባዶ ግን የሚጠብቀው ነገር የለውም። ዘይነባ ሰላምታዬን ትመልሳለች፤ ስለ ጤናዬም ትጠይቀኛለች። በዚህ አገር በደጅ የቆመን ሰው ግቡ ሳይሉ መሸኘት የለም። እርሷ ግቡ አትለኝም። ልክ ናት።

ከቦይው ተነሥቼ እስከ ሾላው ግንድ በእግሬ ለካሁት። መጀመሪያ ዐሥራ አንድ እርምጃ ሆነ። ጫማዬን አውልቄ ብደግመው ዐሥራ ሁለት ሆነብኝ። በዚያ የታጠፈ ወረቀት ጀርባ ላይ ሁለቱንም በእርሳስ ጻፍኳቸው።